502 መጣ፣ አሁን ማንን እንጠይቅ?

ብራውዘሩ ላይ አድራሻውን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ነጭ ገጽ ይመጣል፣ መሃሉ ላይ በትልቁ 502 ባድ ጌትዌይ፣ ከስሩ ደሞ በትንሹ ኤንጂንኤክስ፣ የዌብ ሰርቨሩ ስም። ስሙን እዛው ተጽፎ እያየን ሌላ ማንን እንጠርጥር፣ በቃ ኤንጂንኤክስ ተበላሸ እንላለን። ከዛ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፣ ኤንጂንኤክስን ሪስታርት፣ አልሆነም፣ ኮንፊጉን፣ ማለት የሴቲንግ ፋይሉን፣ መነካካት፣ አሁንም አልሆነም፣ ኢንተርኔት ላይ ከተገኘ መልስ ሶስት መስመር ኮፒ አድርጎ መለጠፍ፣ እሱም አልሆነም፣ እና አሁን ከመጀመሪያው ችግር በተጨማሪ ምን ምን እንደነካካን የማናስታውሰው ኮንፊግ አለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። 502 የሚለውን ገጽ አዘጋጅቶ የላከልን ኤንጂንኤክስ ራሱ ነው እኮ፣ ስለዚህ እሱ በህይወት አለ፣ የሞተ ሰው የራሱን መርዶ አይነግርም። የነገረን የሌላ ሰው መርዶ ነው።

እስኪ ማን የት እንደቆመ እንይ። ዌብ ሰርቨር የምንለው፣ ኤንጂንኤክስም ይሁን አፓቼ፣ በሩ ላይ የተቀመጠው ነው፣ ከውጭ የሚመጣውን ሪኩዌስት በሙሉ በ80 እና በ443 ፖርት፣ ማለት ቁጥር በተሰጣቸው የማሽኑ በሮች፣ የሚቀበለው እሱ ነው፣ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬቱን የሚይዘውም እሱ ነው፣ ፎቶና ሲኤስኤስ የመሳሰለ ከዲስክ ተነስቶ የሚሰጥ ነገር ከሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይሰጣል። ማሰብ የሚፈልግ ነገር ሲመጣ ግን፣ ሎግኢን፣ ዳታቤዝ ማየት፣ ሂሳብ ማስላት፣ ጓዳ ላለው አፕ ሰርቨር ያስተላልፋል። ጓዳ ያለው እንደየቋንቋው ይለያያል፣ ፓይተን ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉኒኮርን፣ ፒኤችፒ ከሆነ ኤፍፒኤም፣ ጃቫ ከሆነ ቶምካት፣ ጃቫስክሪፕት ከሆነ ኖድ። ሁለቱ የሚገናኙት ወይ በፖርት ነው፣ ጉኒኮርን ሌላ ካልተባለ 8000 ላይ፣ ቶምካት 8080 ላይ፣ ወይ ደሞ አንድ ማሽን ላይ ካሉ ዩኒክስ ሶኬት በሚባል ፋይል ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ተጠቃሚው ከዌብ ሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነትና ዌብ ሰርቨሩ ከአፑ ጋር ያለው ግንኙነት አንድ ገመድ አይደሉም፣ ሁለት የተለያዩ የስልክ ጥሪዎች ናቸው፣ ተቀባዩ በአንድ ጆሮ ደንበኛውን እየሰማ በሌላው ጓዳውን ይጠራል። የመጀመሪያው ጥሪ ሰላም ሆኖ ሁለተኛው ሲበላሽ ነው 502 እና ዘመዶቹ የሚመጡት። ስለዚህ የተጠቃሚው ኢንተርኔት፣ የዶሜን ስሙ፣ ሰርተፍኬቱ፣ እነዚህን ለጊዜው ተዉአቸው፣ ገጹ እስከመጣ ድረስ እነሱ ስራቸውን ሰርተዋል። ከፊት ለፊት ክላውድፍሌር ዓይነት ሌላ ተቀባይ ካለ ግን ስህተቱን የጻፈው የትኛው እንደሆነ ገጹን አይታችሁ ለዩ፣ ያኔ ጥሪዎቹ ሶስት ሆኑ ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ትንሽ ይናገራሉ። 502 ማለት ጓዳውን ጠራሁት፣ ወይ አልተገናኘንም ወይ የመለሰልኝ ነገር መልስ አይመስልም ነው። 504 ማለት ጠበቅሁ ጠበቅሁ መልስ አልመጣም ነው። 503 ደሞ ባጠቃላይ አሁን አገልግሎት የለም ነው፣ ግን አፓቼ ጓዳውን ማግኘት ሲያቅተው የሚለው 503 ነው፣ ያንኑ ነገር ኤንጂንኤክስ 502 ይለዋል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ፍርድ አትስጡ። አፓቼ ሌላም ጸባይ አለው፣ ጓዳው አንዴ እምቢ ካለው እንደ በሽተኛ መዝግቦት ለ60 ሰከንድ ዞር ብሎ አያየውም፣ ኮንፊግ ካልተቀየረ ማለት ነው። አፑን አስተካክላችሁ አስነስታችሁ ገጹን ስትከፍቱ አሁንም 503 ይላል፣ አልተስተካከለም ብላችሁ ሌላ ነገር ማፍረስ ትጀምራላችሁ፣ መፍትሄው ግን አንድ ደቂቃ መታገስ ነበር። ስንቴ እንደዚህ እንደሆንኩ አልናገርም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ መጀመሪያ የማየው ሰዓት ነው። ስህተቱ በስንት ጊዜ መጣ? ሪፍሬሽ ብላችሁ ቁጠሩ። ዓይን ሳይጨፈን ከመጣ አንድ ሰው እምቢ ብሏል ማለት ነው፣ ወይ ፖርቱ ላይ ማንም የለም፣ ወይ ፐርሚሽን የለም። ልክ 60 ሰከንድ ላይ ከመጣ የኤንጂንኤክስ ትዕግስት አልቋል፣ ለመገናኘትም መልስ ለማንበብም ሳይነካ የሚመጣው ልክ 60 ሰከንድ ነው። 30 ሰከንድ አካባቢ ላይ 502 ከመጣና ጓዳ ያለው ጉኒኮርን ከሆነ ደሞ ጉኒኮርን የራሱን ሰራተኛ ገድሎታል፣ እዛ 30 ሰከንድ ዝም ያለ ዎርከር ይገደላልና፣ ኤንጂንኤክስ እየጠበቀ ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋበት ማለት ነው። አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ከሆነ ወይ ከብዙ ጓዳዎች አንዱ ብቻ ታሟል፣ ወይ መጨረሻ ላይ የምነግራችሁ ነገር ነው። አንድም ፋይል ሳትከፍቱ፣ አንድም ኮማንድ ሳትጽፉ፣ በሰዓት ብቻ ግማሹን መንገድ ሄዳችሁ።

ቀጥሎ ሎግ፣ ፕሮግራሙ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል። የአክሰስ ሎግ አይደለም፣ የኤረር ሎግ፣ ብዙ ሊኑክስ ላይ ቫር ስር ሎግ፣ ሎግ ስር ኤንጂንኤክስ የሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። በአንድ መስኮት በቴይል ኮማንድ እያያችሁት በሌላው ገጹን ሪፍሬሽ በሉ፣ አዲስ መስመር ይወርዳል። መስመሩ ረጅም ስለሆነ ሰው ይፈራዋል፣ ግን የሚፈለገው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥርና አጠገቡ ያለው ቃል ነው፣ ለምሳሌ «111 ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ»። ይሄ ቁጥር የኤንጂንኤክስ አይደለም፣ የሊኑክስ ከርነሉ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ነው፣ ስለዚህ አፓቼም ይሁን ሌላ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ እስከሆነ ድረስ ትርጉሙ ያው ነው። ሁለተኛው ከሱ ቀጥሎ «ዋይል» ብሎ የሚጀምረው ነው፣ ሁሉም ሰው የሚዘለው። «ዋይል ኮኔክቲንግ ቱ አፕስትሪም» ካለ፣ አፕስትሪም የሚለው ጓዳውን ነው፣ በሩን ሲያንኳኳ ነው የተበላሸው፣ ገና አልገባም። «ዋይል ሪዲንግ ሪስፖንስ ሄደር» ካለ ደሞ ገብቷል፣ ጥያቄውን አቅርቧል፣ መልስ ሲጠብቅ ነው የተበላሸው። እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ የመጀመሪያው ወይ አፑ አልተነሳም ወይ የኔትወርክ ወይ የፐርሚሽን ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የአፑ የራሱ ጉዳይ ነው፣ አንድ ዓይነት መድሃኒት አይሰራላቸውም።

በ111 እንጀምር፣ እሱ ነው የተለመደው። ሪፊዩዝድ ማለት ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፣ ማሽኑም መልሷል፣ መልሱ ግን በዚህ ፖርት ላይ የሚሰማ የለም ነው። እንደውም ደስ የሚል ስህተት ነው፣ ቶሎ ስለሚመጣና ብዙ ነገር ስለሚያጠራ። አፑ ጭራሽ አልተነሳም ወይ ተነስቶ ወድቋል፣ ወይ ተነስቶ ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚሰማው። መነሳቱን ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ይነግራችኋል፣ የት እንደሚሰማ ደሞ ኤስኤስ የምትባለው ኮማንድ፣ ኤል ቲ ኤን ፒ የሚሉትን አራት ፊደላት ጨምራችሁ። የምታገኙት ዝርዝር ላይ ፖርቱን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፣ ከፖርቱ በፊት ያለውን አድራሻ አንብቡ። 127.0.0.1 ከሆነ አፑ የሚሰማው ከራሱ ማሽን ውስጥ የሚመጣውን ብቻ ነው፣ 0.0.0.0 ከሆነ ከየትም የመጣውን ይሰማል።

ይቺ አድራሻ ያቃጠለችኝን ሌሊት ልንገራችሁ። አንድ ማሽን ላይ ለወራት ሰላም የኖረ ሳይት ነበር፣ ወደ ዶከር ቀየርነው፣ እያንዳንዱን ፕሮግራም ኮንቴይነር በሚባል የየራሱ ሳጥን ውስጥ ለይቶ የሚያስነሳ ነው፣ ኤንጂንኤክስ በአንድ ኮንቴይነር፣ ጉኒኮርን በሌላ ኮንቴይነር። ኮንፊጉን እንዳለ ነው ይዘን የመጣነው፣ ኤንጂንኤክስ ወደ 127.0.0.1 ፖርት 8000 እንዲያስተላልፍ የሚል። 502። አፑ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ በከርል፣ ከኮማንድ ላይ ገጽ በሚጠራው ፕሮግራም፣ ስሞክረው ይመልሳል፣ በደንብ ይመልሳል፣ ውጭ ስወጣ 502። ሁለት ሰዓት ሙሉ አፑ እየሰራ ነው እኮ እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ እያንዳንዱ ኮንቴይነር የራሱ 127.0.0.1 አለው፣ ኤንጂንኤክስ 127.0.0.1 ሲል የራሱን ቤት ነው የሚያንኳኳው፣ ባዶ ቤት። ኮንፊጉ ላይ ያለውን አድራሻ ወደ አፑ ኮንቴይነር ስም ቀየርኩት፣ አሁንም 111፣ ምክንያቱም አፑ ራሱ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ጉኒኮርን ካልተነገረው የሚነሳው እንደዛ ነው። 0.0.0.0 ላይ እንዲሰማ ሳደርገው በቃ ሰራ። ሁለት ስህተት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ አንዱን ስታስተካክል ምንም ያልተቀየረ ይመስላል፣ ይሄ ነው ሰው የሚያሳብደው።

ከዛ ሌሊት የተማርኩት ነገር አሁን ከሁሉም በላይ የምሰራበት ነው፣ ስትሞክሩ ኤንጂንኤክስ ከቆመበት ቦታ ሆናችሁ፣ በኤንጂንኤክስ ስም፣ ኤንጂንኤክስ በሚጠቀመው አድራሻ ሞክሩ። እኔ የሞከርኩት ከአፑ ቤት ውስጥ ሆኜ ነበር፣ ከዛማ ምን ጊዜም ይሰራል። ኮንፊጉ ላይ ያለውን አድራሻ ፊደል ሳትቀይሩ ኮፒ አድርጉ፣ ዌብ ሰርቨሩ ያለበት ማሽን ወይ ኮንቴይነር ውስጥ ግቡ፣ ከርል በሉት። በሶኬት ፋይል ከሆነም ከርል ዩኒክስ ሶኬት የሚል አማራጭ አለው። ኤፍፒኤም ከሆነ ግን ቋንቋው ፋስትሲጂአይ ስለሆነ ከርል አይግባባውም። አፑ በጃንጎ፣ በፓይተኑ ፍሬምወርክ፣ የተሰራ ከሆነ ደሞ የሆስት ስሙን በሄደር ካልሰጣችሁት 400 ይመልስላችኋል፣ እንዳትደነግጡ፣ 400 መመለሱ ራሱ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። በከርል ሰርቶ በኤንጂንኤክስ ካልሰራ ልዩነቱ ማንነት ላይ ነው፣ እናንተ ሩት፣ ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ፣ ናችሁ፣ እሱ ደሞ ብዙ ጊዜ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ዳታ የሚባል አቅም የሌለው ተጠቃሚ ነው፣ በሱዶ የሱን ስም ይዛችሁ ድጋሚ ሞክሩት።

ይሄ ወደ ቁጥር 13 ይወስደናል፣ ፐርሚሽን ዲናይድ። በሶኬት ፋይል ስትገናኙ ፋይሉ እንደማንኛውም ፋይል ባለቤትና ፈቃድ አለው፣ ዌብ ሰርቨሩ ለመገናኘት የመጻፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በ2014 ፒኤችፒ ላይ አንድ የደህንነት ችግር ተገኝቶ ኤፍፒኤም የሚፈጥረው ሶኬት ከ0666 ወደ 0660 ተቀየረ፣ ማለት ማንም የሚጽፍበት የነበረው ለባለቤቱና ለግሩፑ ብቻ ሆነ፣ እና ያኔ ኮንፊጋቸው ላይ ባለቤቱን ሳይጽፉ አፕዴት ያደረጉ ሰዎች አንድ ፊደል ሳይነኩ 502 ጠበቃቸው። መፍትሄው 777 ማድረግ፣ ማለት ለሁሉም ሰው ሁሉን መፍቀድ፣ አይደለም፣ እባካችሁ፣ ኤፍፒኤም ኮንፊግ ላይ የሶኬቱን ባለቤትና ግሩፕ መጻፍ ነው። ሌላው የሚደበቀው ፋይሉ ሳይሆን ፎልደሩ ነው፣ ሶኬቱ ላይ ፈቃድ ቢኖራችሁም እሱ ጋ ለመድረስ በመንገድ ላይ ባለው እያንዳንዱ ፎልደር የማለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠሩ የሆም ፎልደሮችን 750 አድርጓቸዋል፣ ማለት ከባለቤቱና ከግሩፑ ውጭ ማንም አያልፍባቸውም፣ ስለዚህ ሶኬቱን ሆም ውስጥ እንዲያስቀምጡ የሚያስተምሩ የድሮ ቱቶሪያሎች አሁን ላይ ተከትላችኋቸው 13 ቢመጣባችሁ ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ ሶኬቱን ራን የሚባለው ፎልደር ስር ውሰዱት።

ፖርት እየተጠቀማችሁ 13 ከመጣ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል፣ ፖርት ምን ፐርሚሽን አለው? ሬድሃት፣ ሮኪ፣ አልማ፣ ፌዶራ ከሆነ የያዛችሁት መልሱ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው ተጨማሪ የደህንነት ጠባቂ ነው፣ እነዚህ ላይ ዌብ ሰርቨር በራሱ ተነሳሽነት ወደ ኔትወርክ ግንኙነት እንዳይከፍት ተከልክሏል፣ ኤችቲቲፒዲ ካን ኔትወርክ ኮኔክት የምትባለዋን ማብሪያ በሴትሴቡል ማብራት ነው፣ ትልቁን ፒ መጨመር አትርሱ፣ አለበለዚያ ማሽኑ ሪስታርት ሲሆን ይጠፋል። ኤስኢሊኑክስን ሙሉ በሙሉ አጥፉት የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ፣ አንድ በር ለመክፈት ግድግዳውን ማፍረስ ነው እሱ።

ቁጥር 2፣ እንደዚህ የሚባል ፋይል የለም፣ ቀላል ነው። አፑ ስላልተነሳ ሶኬቱ አልተፈጠረም፣ ወይ ስሙ ተቀይሯል፣ ኡቡንቱ ላይ ለምሳሌ የኤፍፒኤም ሶኬት ስም ውስጥ የፒኤችፒው ቨርዥን ስላለ ከ7.4 ወደ 8.1 ስታልፉ ኤንጂንኤክስ የድሮውን ስም ይዞ ይቀራል። አንዷ ብቻ ተንኮለኛ ናት፣ ሶኬቱን ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ እናንተ ኤልኤስ ስትሉ እያያችሁት ኤንጂንኤክስ የለም ይላል። ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ፕራይቬት ቴምፕ የሚል ነገር አለው፣ ለአንዳንድ ሰርቪሶች የየራሳቸውን ድብቅ ቴምፕ ይሰጣቸዋል፣ ሁለቱ ቴምፕ የሚሉት ቦታ አንድ ቦታ አይደለም።

110፣ ታይምድ አውት፣ «ዋይል ኮኔክቲንግ» ከሚለው ጋር ከመጣ፣ የ111 ተቃራኒ ነው። 111 በሩን ስታንኳኩ ከውስጥ የለም የሚል ድምጽ መስማት ነው፣ 110 አንኳኩታችሁ አንኳኩታችሁ ዝምታ። ሊኑክስ አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ እየጠበቀ ይደጋግማል፣ ኤንጂንኤክስ በ60 ሰከንዱ ተስፋ እስኪቆርጥ። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ሲኖር ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ፋየርዎል ነው የምለው፣ ሪኩዌስቱን ዝም ብሎ የሚጥል፣ ክላውድ ላይ ከሆናችሁ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ የሚሉት፣ ወይ ደሞ አይፒው ተቀይሮ ማንም የሌለበት አድራሻ ላይ እየደወላችሁ ነው። 113 ኖ ራውት ቱ ሆስት ሲል ስሙ ያሳስታል፣ መንገድ የለም ይላል፣ መንገዱን ስትፈልጉ ትውላላችሁ፣ ፋየርዎልዲ ያለበት ማሽን ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሱ የእምቢታ መልእክት ነው እንደዛ የሚተረጎመው።

አይፒው ተቀይሮ ስል፣ ኤንጂንኤክስ ኮንፊጉ ላይ በስም የጻፋችሁለትን አድራሻ ወደ አይፒ የሚቀይረው ሲነሳ ወይ ሪሎድ ሲደረግ ነው፣ ከዛ ያንን ይዞ ይኖራል። አፕ ኮንቴይነሩን ብቻ አጥፍታችሁ ስታስነሱት አዲስ አይፒ ሊያገኝ ይችላል፣ ኤንጂንኤክስ ግን የድሮው ላይ ይደውላል፣ ለዛ ነው ኤንጂንኤክስን ሪስታርት ሳደርገው ተስተካከለ የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ እውነታቸውን የሆነው። ሎካልሆስት የሚለው ስምም እንደዛው ያታልላል፣ በአይፒ 4 127.0.0.1 ነው፣ በአይፒ 6 ደሞ ::1 ነው፣ አፑ አንዱ ላይ ብቻ እየሰማ ጠሪው ሌላውን ከመረጠ 111። ኖድ ከ17ኛው ቨርዥን ጀምሮ አይፒ 4ን ማስቀደም ትቶ ሲስተሙ የሰጠውን ቅደም ተከተል ስለሚጠቀም ብዙ ሰው በዚህ ተመቷል፣ እኔ አሁን ሎካልሆስት የሚል ቃል ኮንፊግ ውስጥ አልጽፍም፣ ቁጥሩን ነው የምጽፈው።

ቶምካትን በኤጄፒ፣ ከዌብ ሰርቨር ጋር በሚግባባበት ሌላ ቋንቋ፣ በ8009 ፖርት፣ ለምታገናኙ ደሞ አንድ ነገር ብቻ፣ በ2020 ጎስትካት የተባለው ቀዳዳ ከተገኘ በኋላ ቶምካት 9.0.31 እና በዛው ሰሞን የወጡት ሌሎቹ ቨርዥኖች ኤጄፒ በራሱ ማሽን ላይ ብቻ እንዲሰማና የሚስጥር ቃል እንዲጠይቅ አደረጉት። አፕዴት አድርጋችሁ በድንገት 403 ወይ 503 ካያችሁ እዛ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሂድ፣ ተገናኝተዋል ግን መልስ የለም፣ 110 «ዋይል ሪዲንግ ሪስፖንስ ሄደር»፣ ተጠቃሚው ጋ 504። የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ታይምአውቱን፣ የመጠበቂያ ጊዜውን፣ 60 ከሆነ 300 ማድረግ ላይ ነው። አንዳንዴ ትክክል ነው፣ እውነትም አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሪፖርት ከሆነ የምታወጡት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩን ማባስ ነው፣ ለምን እንደሆነ ሂሳቡን አብረን እንስራው። ጉኒኮርን 5 ተራ ዎርከር አለው እንበል፣ እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ አንድ ሪኩዌስት ብቻ ነው የሚይዘው፣ አንዱ ሪኩዌስት 2 ሰከንድ ከፈጀ በ10 ሰከንድ ውስጥ 25 ሰው ይስተናገዳል። አፑ የሚጠራው የውጭ ሰርቪስ ዛሬ ቀርፋፋ ሆኖ 2 የነበረው 20 ሰከንድ ሆነ፣ ኮዱ አልተቀየረም፣ ሰርቨሩ አልተቀየረም፣ ሲፒዩው እንደውም ስራ ፈቶ ነው የሚታየው፣ አሁን በ20 ሰከንድ 5 ሰው ብቻ ነው የሚያልፈው። በ10 ሰከንድ 25 ሰው የሚመጣ ከሆነ በ20 ሰከንድ ውስጥ 50 መጥቶ 5 ወጥቷል፣ 45ቱ ተሰልፈዋል፣ እነሱ ሳያልቁ ሌላ 50። ታይምአውቱን 300 ስታደርጉት ሰልፉን ነው የምታስረዝሙት፣ ተጠቃሚው ሰልችቶት ሪፍሬሽ ሲል ደሞ ሁለተኛ ተሰለፈ ማለት ነው፣ የድሮው ሪኩዌስቱም ጓዳ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቀጥላል። ኤንጂንኤክስ አክሰስ ሎግ ላይ 499 የሚባል ቁጥር ከበዛ ይሄ ነው፣ ደንበኛው መልስ ሳይመጣ ሄዷል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ዎርከሮቹ ምን ላይ ቆመው እንደሚጠብቁ ፈልጉ። ዳታቤዝ ከሆነ ቀርፋፋ ኩዌሪ ወይ የተቆለፈ ቴብል ነው። የውጭ ሰርቪስ ከሆነ እሱን ስትጠሩ ታይምአውት ሰጥታችሁታል ወይ? ፓይተን ላይ ሪኩዌስትስ የሚባለው ላይብረሪ ካልነገራችሁት ጭራሽ ታይምአውት የለውም፣ እስከወዲያኛው ይጠብቃል፣ አንድ መስመር ላይ ቁጥር መጨመር ነው ሙሉ ሳይቱን የሚያድነው። ኤፍፒኤም ከሆነ የራሱ ሎግ ላይ ማክስ ቺልድረን፣ ማለት የዎርከር ቁጥር ጣሪያ፣ ላይ ደርሻለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። የሶኬቱ ሰልፍ ራሱ ከሞላ ደሞ ኤንጂንኤክስ ቁጥር 11 ይላል፣ ሪሶርስ ቴምፖራሪሊ አናቬይለብል፣ የሰልፉን ጣሪያ የሚወስነው የከርነል ቁጥር ድሮ 128 ነበር፣ ከሊኑክስ 5.4 ጀምሮ 4096 ሆኗል፣ ግን ሰልፉን ማስፋት መስተንግዶውን አያፋጥንም።

ዎርከር እዩኝ ሳይል ከጠፋ፣ ማለት ሎጉ አፕስትሪሙ ሳይመልስ ስልኩን ዘጋብኝ ካለና የአፑ ሎግ ላይ ምንም ስህተት ከሌለ፣ ከርነሉን ጠይቁ፣ ዲሜሴጅ በሉ። ሚሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፣ የተገደለው ደሞ ኑዛዜ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም። ኮንቴይነር ከሆነ 137 ብሎ ይወጣል።

የመጨረሻው ያስቀመጥኩላችሁ ነው። ኖድ ላይ የተሰራ አፕ ነበር፣ ፊት ለፊቱ ኤንጂንኤክስ፣ ሁሉም ነገር ሰላም፣ ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ 502፣ ሰዓቱ አይታወቅ፣ ሎዱ ሲበዛም ሲያንስም፣ እና የሚገርመው ገጽ ሲከፈት አይመጣም፣ ሰው ፎርም ሞልቶ ላክ ሲል ብቻ ነው። የኤንጂንኤክሱ ሎግ «104 ኮኔክሽን ሪሴት» ይላል፣ የአፑ ሎግ ላይ ግን በዛ ሰከንድ ምንም የለም፣ ሪኩዌስቱ መምጣቱን ራሱ አያውቅም። የመጀመሪያው ፍንጭ ይሄ ነበር፣ ጠሪው ደወልኩ ይላል፣ ተጠሪው አልተደወለልኝም ይላል፣ ሁለቱም አይዋሹም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት አዲስ ስልክ መደወል ውድ ስለሆነባቸው አንዴ የተከፈተውን መስመር ሳይዘጉ ያቆዩታል፣ ኪፕ አላይቭ የሚባለው። ስራ የፈታ መስመር ስንት ሰከንድ ይቆይ የሚለውን ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ነው የወሰኑት፣ ኖድ ካልተነገረው 5 ሰከንድ፣ ኤንጂንኤክስ ወደ ጓዳ ለከፈተው መስመር 60 ሰከንድ። አምስተኛው ሰከንድ ላይ ኖድ መስመሩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ልክ በዛችው ቅጽበት ኤንጂንኤክስ አዲስ ሪኩዌስት በዛ መስመር ላይ ይልካል፣ መልእክቱና የመዝጊያው ምልክት መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፣ የደረሰው ሪኩዌስት የተዘጋ በር ያገኛል። ገጽ መክፈት፣ ጌት የሚባለው ሪኩዌስት ከሆነ ኤንጂንኤክስ ሳይነግራችሁ በሌላ መስመር ይደግመዋል፣ ተጠቃሚው አያውቅም። ፖስት፣ ፎርም የሚላክበት፣ ሲሆን ግን አንዴ ከላከው አይደግምም፣ ምክንያቱም ፎርሙ ሁለቴ ተመዝግቦ ክፍያ ሁለቴ ቢቆረጥስ፣ ስለዚህ 502 ይላል። ለዛ ነው ላክ ሲሉ ብቻ የሚመጣው።

ያስተካከልነው በአንድ ቁጥር ነው፣ ኖድ ላይ የኪፕ አላይቩን ጊዜ 65 ሰከንድ አደረግነው፣ ምንጊዜም መጀመሪያ የሚዘጋው ጠሪው እንዲሆን፣ ጠሪው ሲዘጋ የሚጋጭ ነገር የለማ። ክላውድ ላይ ሎድ ባላንሰር፣ ሪኩዌስት ለብዙ ሰርቨር የሚያከፋፍል፣ ከፊት ካላችሁም ነገሩ ያው ነው፣ የሱን የስራ ፈት ጊዜ አይታችሁ የአፑን ከሱ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ኖድ ላይ ሚሊሰከንድ ስለሆነ የሚጻፈው 65000 ነው፣ እኔ መጀመሪያ 65 ብዬ ጽፌው 502ቱ በቀን ከአምስት ወደ ብዙ መቶ ስለዘለለ ነው የማስታውሰው።